ፊልሙን አላየሁትም

እኔ ፊልሙን አላየሁም፤ ካፖርት ነው የማየው፣
ከደረጃው ሥር ተቀምጬ በቁጥር የምለየው።
ጊዩምሪ፣ የኅዳር ማታ፤ አሮጌው ሲኒማ፣
ማሞቂያው እንደ ጎረቤት የሚያቃስት፣ የሚያማ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ጭጭ ይላል አዳራሹ፤
ጆሮ ባስጠጋም ነፋስ ነው፣ እግር ነው፣ ነፋስ ነው ምላሹ።
ከዚያ በሩ ይከፈትና ሰው ይጎርፋል ወደ እኔ፣
እጅጌውን እየፈለገ ይፈርዳል ወገኔ።

«አንድ ሰው» አለ ፓይላክ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ፣
«አንድ ሰው መዝጊያ ተሸክሞ ሲዞር በየመንደሩ!
ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት ያን ሁሉ ገንዘብ?
እኔ ብሆን በግማሽ ሰዓት አደርሰው ነበር፣ ያለ ሐሳብ።»
ሳቀ፤ ኮፍያውን ደፋ፤ ሄደ እያፏጨ፤
ጓንቱን ረስቶ ሲመለስ ግን ፉጨቱ ተቋጨ።
«የት ነው ግን የሚያደርሰው?» ብሎ ጠየቀኝ በቀስታ።
«እኔ ምኑን አውቄ!» አልኩት። ጓንቱን ወሰደ፤ ወጣ በዝምታ።

ከየሬቫን የመጣችው፣ ቀይ መነጽር ያደረገች፣
ካፖርቷ ከላባ የቀለለ፣ «ድንቅ!» አለች፤ «ድንቅ!» አለች።
«ዝምታው ይናገራል!» አለች ስልኳን እየነካካች፣
ዝምታውን ስታወድስ ሁለቴ ባለታክሲው ላይ ጮኸች።

ሁለት ተማሪዎች መጡ አንድ ሻርፕ ተጋርተው፤
«አንቀላፍተህ ነበር» አለችው።
«ዐይኔን ጨፍኜ ነው ያየሁት!»
ሻርፑ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ሄዱ ለየብቻ ወጥተው።

የሒሳብ አስተማሪዋ ዛሩሂ ቆጥራዋለች፤
«ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ» አለች፣
«ከዚያ በኋላ በረዶው መጣ፤ ነጭ በነጭ ሆነ፤
የኔ ቁጥር ነው የጠፋው እንጂ የሱ እርምጃስ አልባከነ።»

አናጺው ሜልኮን ተቆጣ፤ የተቆጣው ግን ለብቻው፦
«ማጠፊያው በግራ ነው! የኛ ሰፈር መዝጊያ በቀኝ ነው መክፈቻው።
ይህን የሠራ ልጅ አንድም ቀን መዝጊያ ሰቅሎ አያውቅም፤
ያን የሚያህል ሳንቃ ደግሞ ሰው ብቻውን ተሸክሞ አይዘልቅም።
ለሁለት ነው፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ሆኖ...»
እዚህ ላይ ቆመ።
«ያኔ ቃሬዛ ከየት ይምጣ» አለኝ፣ ድምፁ ሰልሎ፣ ኮስምኖ።
የካፖርቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆለፈ።
አላረምኩትም።

ይኸን ሁሉ ከካፖርቶቹ መሃል ቆሞ የሰማ
አንድ ልጅ ነበር፤ ጌጋም፣ ፊልሙን የሠራው፤ ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ሻማ።
«ምን አሉ?» አለኝ፣ አጠገቤ ቆሞ እንዳልሰማ።
«ብርድ ነው አሉ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ሁሉም ብለዋል፤
ካፖርቱን የሚቀበል ሰው መጀመሪያ ይኸን ይላል።

መስቀያው ላይ አንድ ቀረ፤ አርባ አንድ ቁጥር፤ ጥቁር፣
አንገትጌው የሳሳ ፀጉር፣
ናፍታሊን የሚሸት፣ ኪሱ ውስጥ የሳል ከረሜላ።
ጠበቅኩ፤ ሰዓቴን አየሁ፤ ባለቤቱ ግን የለ፣ የለችም ከሰው ኋላ።

ይዤው ገባሁ። ሰባተኛው መስመር ላይ፣ ብቻዋን፣
ወይዘሮ ሲራኑሽ ተቀምጣለች አጣጥፋ እጆቿን።
መብራቱ በርቷል፤ ሸራው ነጭ ነው፤ ፊልሙ ካለቀ ቆየ።
«እማማ፣ አልቋል» አልኳት፤ ዐይኗ እኔን አላየ።
«ቆይ እስቲ» አለች፤ «መች ደረሰና ሰውዬው?
በር ያጣ መዝጊያ ተሸክሞ፣ እኔም ልሂድ ጥዬው?»

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤
ካፖርቷን ጭኔ ላይ አድርጌ አብሬያት ጠበቅኩ።
ማሞቂያው አቃሰተ። ከውጭ ሞተር ይሰማል፤
የፓይላክ ሚኒባስ ነው፤ አልሄደም።
ነጩን ሸራ አየሁት፦
በር ያህላል፤ መዝጊያ የለውም።